ካሶኒው በጭነቱ ልክ ይሠራ

በባሕር ዳርና በወረታ መካከል፣ በአስፋልቱ ዳር የምትገኘው ሐሙሲት ስሟ ራሱ የገበያዋን ቀን የሚናገር ከተማ ናት። ከደራ ወረዳ ገጠሮች፣ ከፎገራ ሜዳ ጠርዝና ከአንበሳሜ በኩል የሚመጣው ሩዝ፣ ሽንኩርት፣ ዳጉሳ፣ ጤፍና ሽምብራ በዚህች ከተማ በኩል አልፎ፣ በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀውን አዲሱን የዓባይ ድልድይ ተሻግሮ ወደ ባሕር ዳር ይገባል፤ ከባሕር ዳር ደግሞ ስኳሩ፣ ሳሙናው፣ ዘይቱ፣ ቆርቆሮውና ሲሚንቶው በዚያው መንገድ ይመለሳል። ይህን መመላለስ ከሚያከናውኑት ተሽከርካሪዎች መካከል ዕድሜያቸው ሃያና ሠላሳ ዓመት ያለፈ ፒካፖች ይገኙባቸዋል። ሞተራቸው ገና ይሠራል፤ ሻንሲያቸውም አልተበላም። ፋብሪካው የሠራላቸው ካሶኒ ግን በዝገት አልቆ፣ ወለሉ ተቀዶ፣ ስፖንዳው በገመድ የታሰረ ነው። በዚህ ጊዜ ባለቤቱ መኪናውን ወደ ብየዳ ቤት ይወስድና አሮጌውን ካሶኒ አስነቅሎ በምትኩ አዲስ ጠፍጣፋ ካሶኒ ያሠራል።

ይህ ተግባር የሚነቀፍ አይደለም፤ እንዲያውም ብልህነት ነው። የሚነቀፈው ትእዛዙ የሚሰጥበት መንገድ ነው። አንድ ነጋዴ ሱቁ ውስጥ መደርደሪያ ሲያሠራ እንኳ ርዝመቱንና ስፋቱን ለክቶ፣ የሚቀመጥበትን ዕቃ አስቦ ነው። ከሱቁ ዕቃ ሁሉ ውድ በሆነው በመኪናው ላይ ግን «ረዘም አድርገህ፣ ወፈር አድርገህ ሥራልኝ» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አይናገርም። በያጁም እንደ ታዘዘው ረዘም፣ ወፈር አድርጎ ይሠራል። ከዚያ በኋላ ባሌስትራው ሲሰበር፣ ጎማው ሲፈነዳ፣ ሻንሲው ከጋቢናው ጀርባ ሲሰነጠቅ ጥፋቱ በመንገዱ ላይ ይጣላል።

ጉዳዩ ቀድሞ ከነበረው ይልቅ ዛሬ የከበደበት ምክንያት ግልጽ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቍጥር 1186 ከውጭ በሚገቡ ያገለገሉ ተሽከርካሪዎች ላይ ዕድሜያቸው በጨመረ መጠን እየከበደ የሚሄድ ታክስ ጥሏል። በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ መወሰኑ ተነገረ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮም የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን በመደረጉ፣ እስከዚያ ቀን ድረስ በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። እንግዲህ አሮጌው ፒካፕ በሌላ በቀላሉ የሚለወጥ ዕቃ መሆኑ ቀርቷል። ሻንሲው የተሰበረበት ነጋዴ ያጣው መኪና ብቻ ሳይሆን በቀድሞው ገንዘብ ዳግመኛ ሊገዛ የማይችለውን ካፒታል ነው።

በሻንሲ ላይ ካሶኒ በልክ ማሠራት ከመኪናው ታሪክ ጋር የተወለደ ሥራ መሆኑንም መዘንጋት አይገባም። የፎርድ ኩባንያ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1917 አንድ ቶን የሚጭነውን መኪናውን ለገበያ ሲያቀርብ ሻንሲውን ብቻ ይሸጥ ነበር፤ ሣጥኑን ገዢው በየመንደሩ አናጢ ያሠራ ነበር። ይኸው ኩባንያ ካሶኒው በፋብሪካ የተገጠመለትን ፒካፕ ያወጣው በ1925 ነው። በአውስትራልያ እስከ ዛሬ ድረስ ቶዮታ ሃይሉክስን ያለ ካሶኒ፣ ጋቢናና ሻንሲ ብቻ አድርጎ መግዛት ይቻላል፤ ገበሬውና ነጋዴው ሦስት ወገን ስፖንዳው የሚወርድ ጠፍጣፋ ካሶኒ ለየሥራው እያስለካ ያስገጥምበታል። በኢትዮጵያም ቢሆን ሞያው አዲስ አይደለም። ካሶኒ፣ ስፖንዳ፣ ባሌስትራ፣ ላሜራ፣ ጋቢና የሚሉት ቃላት ሁሉ ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው፤ የሀገሩ ባለሞያ በጣልያን ካሚዮኖች ላይ እየሠራ ቃሉንም ሥራውንም የራሱ አድርጓል። የፊያት ኤንትሬን ካሶኒ ሲጠግን የኖረው እጅ በኋላ ዘመን የአይሱዙን ሻንሲ ተቀብሎ፣ ላሜራ ቀጥቅጦ የሕዝብ ማመላለሻ ሠራበት፤ ሕዝቡም «ቅጥቅጥ» ብሎ ስም አወጣለት። ስለዚህ የእጅ ሞያ ጕድለት አለ ማለት አይቻልም። የጐደለው ሒሳብ ነው።

ሒሳቡን በምሳሌ ማየት ይበጃል። ርዝመቱ 2.30 ሜትር፣ ስፋቱ 1.70 ሜትር የሆነ የካሶኒ ወለል በ5 ሚሊሜትር ላሜራ ቢሠራ፣ ወለሉ ብቻውን 153 ኪሎ ግራም ይመዝናል። ይኸው ወለል በ3 ሚሊሜትር ላሜራ ቢሠራ 92 ኪሎ ግራም ነው። የሁለቱ ልዩነት 61 ኪሎ ግራም ይሆናል። አንድ ቶን፣ ማለትም 10 ኩንታል ለመጫን የተሠራ ፒካፕ ባለቤት ላሜራ በማወፈሩ ምክንያት በየጉዞው 61 ኪሎ ግራም ብረት በነጻ እያመላለሰ ነው ማለት ነው። መኪናው በዓመት 100 ጊዜ ቢመላለስ 61 ኩንታል ይሆናል፤ በዚህ ልክ የሽንኩርት ኪራይ ሊያገኝበት ሲችል ነዳጅ አውጥቶ ብረቱን ያሽከረክራል። በወለሉ ላይ የስፖንዳው፣ የተሻጋሪ ብረቶቹና የጋቢና መከለያው ክብደት ሲደመርበት ጕዳቱ የባሰ ነው። ጥንካሬ የሚገኘው በወለሉ ውፍረት ሳይሆን ከወለሉ ሥር በሚያልፉት ተሻጋሪ ብረቶች መቀራረብና አገጣጠም መሆኑን ማንኛውም ጥሩ በያጅ ያውቃል፤ ሆኖም ባለመኪናው በእግሩ ረግጦ የሚፈትነው ወለሉን ስለ ሆነ የሚጠይቀውን ይሠራለታል።

የእንጨት ወለልም ሊናቅ አይገባውም። በደንብ የደረቀ፣ 3 ሳንቲሜትር ውፍረት ያለው መካከለኛ ክብደት ያለው እንጨት ለዚሁ ስፋት 80 ኪሎ ግራም ያህል ቢመዝን ነው። ጆንያ አያንሸራትትም፤ አንድ ሳንቃ ቢሰበር ያው አንዱ ብቻ ይለወጣል። ችግሩ እርጥብ ባሕር ዛፍ ገዝቶ በሳምንቱ መግጠም ነው፤ እንጨቱ በፀሐይ ይጠማዘዝና ብሎኑን ይፈታል፤ ከዚያም እንጨት አይረባም ይባላል።

ከክብደቱ ይልቅ አደገኛው ግን ርዝመቱ ነው። የቀድሞው ሲራራ ነጋዴ ከበቅሎው ጀርባ ላይ ጭነት ሲያስር፣ ክብደቱ ወደ ኋላ ያዘነበለ እንደ ሆነ ከብቱ ዳገት ላይ እንደሚለግምና ወገቡ እንደሚቆስል ስለሚያውቅ፣ ሚዛኑን ሳያስተካክል አይነሣም ነበር። በ19ኛው ምእት ዓመት በጣና ምሥራቅ ዳር ወደ ቆራጣ ገበያ ይመጡ የነበሩ ነጋዴዎች ይህን የተማሩት ከትምህርት ቤት አይደለም። የዛሬው ነጋዴ ግን በመኪና ላይ ይህን ጥበብ ረስቶታል።

ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ 2.85 ሜትር ርቀት ያለው፣ ከጋቢናው ጀርባ እስከ ኋላ ጎማው መሐል ደግሞ 1.15 ሜትር የሆነ ፒካፕ ይታሰብ። ካሶኒው 2.30 ሜትር ቢሆን የጭነቱ መሐል በትክክል በኋላው ጎማ ላይ ያርፋል። ባለቤቱ አንድ ሜትር አስረዝሞ 3.30 ሜትር ያሠራው እንደ ሆነ ግን የጭነቱ መሐል ከጎማው 50 ሳንቲሜትር ወደ ኋላ ያፈገፍጋል። ያን ጊዜ 10 ኩንታል ሲጫንበት በኋላው አክስል ላይ የሚያርፈው 1,000 ኪሎ ግራም ሳይሆን 1,175 ኪሎ ግራም ነው፤ ትርፉ 175 ኪሎ ግራም የመጣው ከፊተኛው ጎማ ላይ ተነሥቶ ነው። የፊተኛው ጎማ ሲቀልል መሪው ይለሰልሳል፤ ነጂው «መኪናው ቀለለኝ» ይላል፤ በክረምት በረጠበ አስፋልት ላይ ግን መሪውን ሲጠመዝዝ መኪናው ቀጥ ብሎ ይሄዳል። መብራቱም ከመንገዱ ላይ ተነሥቶ የሚመጣውን ሰው ዓይን ይወጋል። በዚህ መንገድ ላይ በገበያ ቀን ማለዳ እግረኛው፣ ባጃጁ፣ ጋሪውና የተጫነው አህያ ተቀላቅለው እንደሚሄዱ ለሐሙሲት ሰው መንገር አያስፈልግም።

ባለመኪኖች ለዚህ የሚሰጡት መድኀኒት የታወቀ ነው፦ ባሌስትራ መጨመር። ሁለትና ሦስት ቅጠል ባሌስትራ ተጨምሮ የመኪናው ጀርባ ከፍ ሲል ዓይን ይደሰታል። ይሁን እንጂ ባሌስትራው የተሸከመውን ሁሉ አክስሉ፣ ኩሽኔታው፣ ጎማውና ሻንሲው መሸከማቸው አይቀርም፤ እነርሱ ደግሞ አልተጨመረላቸውም። ከዚህም በላይ በብዙ ፒካፖች ላይ፣ በሃይሉክስም ጭምር፣ የኋላውን ፍሬን ኃይል እንደ ጭነቱ ክብደት የሚመጥን አንድ ቫልቭ አለ። ይህ ቫልቭ ክብደቱን የሚያውቀው ሻንሲው ወደ አክስሉ ዝቅ ባለው መጠን ነው። ባሌስትራው በጣም በጠነከረ ጊዜ ሻንሲው ዝቅ አይልም፤ ቫልቩም መኪናው ባዶ ነው ብሎ ለኋላው ፍሬን ጥቂት ኃይል ብቻ ይለቃል። እንዲህ ሆኖ 15 ኩንታል የተጫነ መኪና በባዶ መኪና ፍሬን ይወርዳል። ይህን የሚያውቅ ነጂ ጥቂት ነው፤ ባለንብረቱማ ጨርሶ አልሰማም።

ስለ ብየዳውም መነገር ያለበት አለ። ካሶኒውን በቀጥታ በሻንሲው ላይ በይዶ ማጣበቅ ሥራውን በግማሽ ቀን ይጨርሰዋል፤ ስለዚህም ይወደዳል። ነገር ግን የሻንሲው ብረት በብየዳ እሳት በተጠበሰበት ቦታ ጠባዩ ይለወጣል፤ ሻንሲው በጕድጓድና በኮረኮንች ላይ መጠምዘዝ ልማዱ ስለ ሆነ፣ ስንጥቁ የሚጀምረው ከዚያ ከተጠበሰው ጠርዝ ነው። ትክክለኛው አሠራር የካሶኒው ተሸካሚ ብረቶች በሻንሲው ላይ እንዲቀመጡ፣ በመካከላቸው ደረቅ እንጨት ወይም ወፍራም ጎማ እንዲገባ፣ ከዚያም ፋብሪካው ባስቀራቸው ቀዳዳዎች በብሎን፣ ወይም ባሌስትራን አክስል ላይ እንደሚያስረው ባለ የዩ ቅርጽ ብሎን እንዲታሰር ነው። በዚህ ዓይነት የታሰረ ካሶኒ ነገ ሊፈታ፣ ለሌላ መኪናም ሊገጠም ይችላል። ብየዳ ሲኖር የባትሪውን ገመድ መንቀል ለዲናሞው ደኅንነት አስፈላጊ ነው፤ የነዳጅ ታንኩ ሥር እሳት አለመለኰሱም ሳይነገር የሚታወቅ መሆን ነበረበት።

አሮጌው ካሶኒ ሲነቀል አብረውት የሚሄዱ ነገሮች እንዳሉም ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ዘግይቶ ነው። የነዳጅ መሙያው አንገት የታሰረው በካሶኒው ግድግዳ ላይ ነበር፤ የኋላ መብራቶቹ፣ ፍሬቻዎቹና የሰሌዳው ቦታም እንዲሁ። ጎማው ባሌስትራው ተጨንቆ ወደ ላይ ሲወጣ ወለሉን እንዳይነካ በቂ ክፍተት፣ ጭቃውንም የሚመልስ ፓራፋንጎ ያስፈልጋል። መብራት የሌለው ጠፍጣፋ ካሶኒ በምሽት ከኋላው ለሚመጣ ሰው ጭራሽ አይታይም፤ የወለሉ ጠርዝ ደግሞ በሞተር ብስክሌት ነጂ ደረት ትክክል ነው።

ስለ ስፖንዳው ግን ለሁሉ የሚሆን አንድ ልክ የለም፤ የነጋዴው የራሱ ዕውቀት የሚፈለገው እዚህ ላይ ነው። ሽንኩርት አየር ይፈልጋል፤ በተዘጋ ላሜራ ውስጥ በፀሐይ ከዋለ ይልባል፣ ይበሰብሳል፤ ስለዚህ ለሽንኩርት ነጋዴ ክፍተት ያለው ርብራብ ስፖንዳ ይበልጥበታል። ቲማቲም በሣጥን ስለሚጫን የካሶኒው ስፋት በሣጥኑ ልክ ተከፍሎ ቢሠራ ሣጥኑ አይንገዋለልም፤ አምስት ሳንቲሜትር ብትተርፍ እስከ ባሕር ዳር ድረስ ስትፈጭ ትሄዳለች። የተፈተገ ሩዝ የሚጭን ሰው ከሽራፊ ብረት የጸዳ፣ ጆንያ የማይቀድ ለስላሳ ወለልና የሸራ ማሰሪያ ቀለበት ይሻል። ከጣና የሚወጣውን ቆሮሶና አምባዛ የሚያመላልስ ነጋዴ ደግሞ የዓሣው ውኃ በሻንሲው ላይ ሳይንጠባጠብ ወደ ጎን የሚፈስበት ቦይ ካላሠራ፣ ካሶኒውን ቀርቶ ሻንሲውን በዝገት ያጣዋል። ለባለሱቁ ከሁሉ የሚበልጠው የወለሉ ከፍታ ነው፤ ጫኝና አውራጁ ሲሚንቶውን ከትከሻው ሳያወርድ የሚያኖርበት ከፍታ የጉልበትም የጊዜም ቍጠባ ነው። ሦስት ወገን የሚወርድ ስፖንዳ በጠባብ የገበያ መንገድ ከጎን ለማራገፍ ስለሚያስችል ለማጠፊያውና ለመቀርቀሪያው የሚወጣው ተጨማሪ ገንዘብ አያስቈጭም።

እነዚህን ነገሮች ሁሉ የሚሰሙ ባለመኪኖች ተቃውሞ አላቸው፤ ተቃውሟቸውም ከንቱ አይደለም። ኪራይ የሚከፈለው በኩንታል ነው፤ ረጅም ካሶኒ ያለው ብዙ ይጭናል፤ በልክ ያሠራው ሰው ከጎረቤቱ ያነሰ ያገኛል ይላሉ። ለአንድ ወር ያህል ይህ እውነት ነው። ነገር ግን በዓመቱ መጨረሻ የጎማ፣ የባሌስትራ፣ የኩሽኔታና መኪናው ጋራዥ የቆመበት ቀን ሒሳብ ሲወጣ ከጎረቤቱ ጋር የሚተያየው በሌላ ዓይን ነው። አብዛኛው ባለፒካፕ ይህን ሒሳብ በመዝገብ ስለማይዝ ገቢውን ያውቃል፣ ወጪውን ግን ይረሳዋል። ገለባ፣ ባዶ ካርቶን፣ ፍራሽ የመሰለ ብዙ ቦታ የሚይዝ ቀላል ዕቃ የሚጭን ሰው ረዘም ያለ ካሶኒ ቢሻ መብቱ ነው፤ ያው ካሶኒ በማግሥቱ ሲሚንቶ እስካልተጫነበት ድረስ።

የሕጉም ነገር አለ። የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቍጥር 681/2002 ተሽከርካሪ ሁሉ በየዓመቱ እንዲመረመር ያዛል። ሊብሬው የመኪናውን ዓይነትና የመጫን አቅም ይናገራል፤ ካሶኒው ከሊብሬው ጋር የማይስማማ መኪና ለቦሎ በቀረበ ጊዜ ጥያቄ ይነሣበታል፤ አደጋ የደረሰበት እንደ ሆነም መድን ሰጪው መጀመሪያ የሚያገላብጠው ይህንኑ ነው። ለውጡን አስቀድሞ ለመዝጋቢው መሥሪያ ቤት ማሳየት ከኋላ ክርክር ያድናል።

ከበያጁ ጋር የሚደረገውም ስምምነት በቃል ብቻ መቅረቱ ሊያበቃ ይገባዋል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንድን ሥራ ሠርቶ ለማስረከብ ስለሚደረግ ውል የሚናገር ክፍል አለው፤ ነገር ግን ምን እንደ ታዘዘ በጽሑፍ ካልታወቀ ዳኛ በምን ይፈርዳል? የንግድ ምክር ቤቶች በዚህ ረገድ ብዙ ወጪ የማይጠይቅ አገልግሎት ሊሰጡ ይችላሉ። አንድ ገጽ የማይሞላ የትእዛዝ ቅጽ አሳትመው በየብየዳ ቤቱ ቢያድሉ፣ በዚያም ላይ የካሶኒው ርዝመት፣ ስፋትና ከፍታ፣ የላሜራው ውፍረት፣ የአገጣጠሙ ዓይነት፣ የጭነቱ መሐል የሚያርፍበት ቦታ፣ የመብራቱ ጉዳይና የርክክቡ ቀን ቢጻፍ፣ በያጁም ነጋዴውም ይጠቀማሉ። ከዚህ ሌላ ሠሪው ካሶኒውን በሚዛን አስመዝኖ ክብደቱንና መኪናው ከእንግዲህ ሊጭን የሚገባውን ኩንታል በትንሽ ሰሌዳ ቀርጾ በጋቢናው ጀርባ ቢመታው፣ የሚጭነውም የሚያስጭነውም ሰው ያየዋል። በባሕር ዳር በ1955 ዓ.ም. በፖሊቴክኒክነት የተመሠረተው፣ ዛሬ በዩኒቨርሲቲው ሥር የሚገኘው የቴክኖሎጂ ተቋም ቅርብ ነው፤ ልኩንና ሥዕሉን የሚያዘጋጁ መምህራንና ተማሪዎች ከዚያ አይጠፉም።

የዕቃ አስመጪዎችም ድርሻ አላቸው። ሦስት ሚሊሜትር ተብሎ የሚሸጥ ላሜራ በመለኪያ ሲታይ አንሶ መገኘቱ ለገበያው እንግዳ ነገር አይደለም፤ በያጁም ይህን ስለሚጠረጥር ነው አምስቱን የሚመርጠው። ውፍረቱ በላዩ ላይ በታማኝነት የተጻፈበት ላሜራ የሚያመጣ ነጋዴ ደንበኛ አያጣም። የዩ ቅርጽ ብሎን፣ ጠንካራ ማጠፊያና መቀርቀሪያ፣ ውኃ የማይገባው የኋላ መብራት፣ ጥሩ የዝገት መከላከያ ቀለም በአንድ ሱቅ ተሟልተው ቢገኙ የሐሙሲት በያጅ ለአንድ ብሎን ሲል ባሕር ዳር ደርሶ መመለሱ ይቀርለታል፤ ባለሱቁም የሚሸጠው ዕቃ ያገኛል።

አንድ ነገር በትእዛዙ ቅጽ ላይ መጨመር አለበት። አዲስ ካሶኒ የመጀመሪያውን ሙሉ ጭነት ተሸክሞ ደርሶ ሲመለስ እንጨቱ ይጨመቃል፣ ብረቱም ቦታውን ይይዛል፤ ያን ጊዜ ብሎኖቹ ሁሉ ይላላሉ። ስለዚህ መኪናው ከመጀመሪያው የሐሙስ ገበያ ማግሥት ወደ ሠሪው ተመልሶ ብሎኖቹ እንደገና እንዲጠብቁ፣ ሠሪውም ይህን ያለ ተጨማሪ ክፍያ እንዲፈጽም በውሉ ይግባ፤ የመጨረሻው የክፍያ ሒሳብም እስከዚያ አርብ ይቆይ።